ሎጊያ ላይ ላለው መካኒክ ምስጋና፣ ለጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጥቆማ

ሰላም የመስመር ወንድሞቼ። አንድ ሰው ማመስገን አለብኝ፤ እናንተም ስልኩን እንድትይዙት እፈልጋለሁ። አፋር ክልል ሎጊያ ከተማ የሚሠራ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቆመውን ተሳቢዬን አስነስቶልኛል። እሱ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍም ነበር፤ መኪና የሚያስነሳ ባለሙያ ሚሌም ገዋኔም አዋሽም አይጠፋም። እኔን እዚህ ያስወጣኝ ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ የሰጠኝ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደመወዜን አትርፎልኛል።

ነገሩ ባለፈው ሰኔ ነው። ከጅቡቲ 400 ኩንታል ማዳበሪያ በመኪናና በተሳቢ ጭነን እየወጣን ነበር። ሰኔ ላይ ማዳበሪያ መጫን ምን እንደሆነ የጫነ ያውቀዋል፤ ገበሬው አርሶ ይጠብቃል፣ ዝናቡ ጀምሯል፣ ከገበሬዎች ዩኒየኑ "የት ደረሳችሁ?" የሚል ስልክ አይቋረጥም። ጋላፊን ተሻግረን፣ ዲቾቶን አልፈን፣ ከሰርዶ ትንሽ ወጣ እንዳልን ረዳቴ "የተቃጠለ ግራሶ ይሸተኛል" አለኝ። ዳር ይዤ ወርደን ስናይ ከተሳቢው የመጨረሻ እግር፣ ማለትም ከኋለኛው የጎማ ረድፍ፣ በግራ በኩል ጭስ ይወጣል። ቸርኬው እጅ አያስጠጋም። ታኮ አስገባን፣ ከፊትም ከኋላም ራቅ አድርገን ድንጋይና ምልክት አኖርን። ያንን ሜዳ በሰኔ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጥላ የሚባለው የተሳቢው ሆድ ብቻ ነው።

ብዙ ሳንቆይ ከአፍዴራ ጨው ጭኖ የሚወጣ ሾፌር አይቶን ቆመ። የራሱን ውሃ አካፈለን፣ ጭሱን አየ፣ "ለዚህ ሌላ ሰው እንዳትጠሩ" ብሎ የዚህን የሎጊያ መካኒክ ቁጥር ሰጠን። አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ምስጋናዬ ይድረስህ። መንገድ ላይ የቆመ አይቶ የማያልፍ ሾፌር አሁንም እንዳለ ስላሳየኸኝ።

ደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ጭስ አለው ወይስ ሽታ ብቻ ነው? ስንተኛው እግር ነው? ተሳቢው የየት ሀገር ሥሪት ነው?" ብሎ ነው። ቀጠለና "ውሃ እንዳትደፉበት፣ ታምቡሩ (ፍሬኑ የሚይዝበት ክብ ብረት) ይሰነጠቃል። ራሱ ይቀዝቅዝ። እናንተም ከፀሐይ ውጡ" አለኝ። ከዚያ የኩሺኔታውን (ጎማው እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ዕቃ) ዋጋ፣ የእጁን ዋጋ፣ የመንገዱን ለየብቻ ነገረኝ። ሥራው ሲያልቅም የተቀበለኝ ያንኑ ነው። ስልክ ላይ አንድ ዋጋ፣ መኪናው ከተፈታ በኋላ ሌላ ዋጋ የጠሩባችሁ ሁሉ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባችኋል። የተፈታ መኪና ይዞ በረሃ ላይ የቆመ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ባዶውን ወደ ወደብ የሚወርድ መኪና ለምኖ፣ የዕቃ ሳጥኑንና በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለሉ ኩሺኔታዎች ይዞ ፀሐይዋ ስትበርድ ደረሰ። ኩሺኔታዎቹን ከካርቶናቸው ሳያወጣ አሳየኝ። "ፎርጅዱ በግማሽ ዋጋ አለ፤ እኔ ግን አላስገባም፤ ሚሌ ሳትደርስ ትመለስብኛለህ" አለኝ።

ክሪክ አስገብቶ፣ ጎማዎቹን አውርዶ፣ ታምቡሩን ሲስበው ውስጠኛው ኩሺኔታ እንደ ቆሎ እጁ ላይ ረገፈ። እኔ የፈራሁት ኩሺኔታው የሚቀመጥበትን ዘንግ ነበር። ዘንጉ ከተበላ ሥራው እዚያ ሜዳ ላይ አያልቅም፤ ጭነቱን ማዞር፣ ክሬን መፈለግ፣ ቀናት መቆም ይመጣል። በናፍጣ በነከረው ጨርቅ ደጋግሞ ጠረገውና ባትሪ ሳያበራ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያውን ዳሰሰው። "አልተበላም" አለ። ያን ጊዜ ነው መተንፈስ የጀመርኩት።

አዲሱን ግራሶ በመዳፉ እየጨመቀ ወደ ኩሺኔታው ውስጥ በሌላኛው በኩል እስኪወጣ ድረስ ያስገባዋል። ላይ ላዩን መቀባት አይደለም። ሁለቱንም ኩሺኔታና የግራሶ መያዣውን ጎማ ቀየረ። ዳዶውን ሲያስር ደግሞ በአንድ እጁ እያጠበቀ በሌላው ታምቡሩን ያሽከረክራል፤ ከጠበቀ በኋላ መልሶ ትንሽ ያላላውና ይቆልፈዋል። "ከጠበቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ይበላል" አለው ለረዳቴ። ረዳቴን ከጎኑ አስቀምጦ እያስተማረ ነው የሠራው። ልጁ ከዚያ ወዲህ በየቆምንበት ወርዶ እግሮቹን ሁሉ ይዳስሳል።

ሠርቶ ገንዘቡን ይዞ አልሄደም። ጋቢና ገብቶ አብሮን ተነሳ፤ ትንሽ እንደሄድን "አቁም" አለኝ። ወርዶ በእጁ ጀርባ የቀኙንና የግራውን እግር እያነጻጸረ ነካ። ሰሜራ መግቢያ ላይ እንደገና አስቆመኝ። በዚያው ጎን ያለው የመካከለኛው እግር ትንሽ ሞቅ ብሎበት ሎጊያ ስንደርስ ከፍቶ አየው፤ ግራሶው ደርቆ ኖሯል። ሞላልን። ለዚያ የእጅ አልጠየቀም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከሳጥኑ ውስጥ የተማሪ ደብተር አወጣ፤ በገጾቹ መሃል ካርቦን አለው። የመኪናውንና የተሳቢውን ታርጋ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የቆምንበትን ቦታ፣ ጌጁ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር ጻፈ። ቀጥሎ ምን እንደተሰበረ፣ ለምን እንደተሰበረ፦ "ግራሶ ደርቋል፣ መያዣ ጎማው አልቋል፣ ለረጅም ጊዜ አልተከፈተም።" ምን እንደቀየረና ስንት እንደተቀበለ ጽፎ ፈረመ። ዋናውን ለእኔ፣ ቅጂውን ለራሱ። የተፈረፈረውን ኩሺኔታ ሰብስቦ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝና "ጋሼ፣ ይሄን እንዳትጥለው፤ ይሄ ያንተ ምስክር ነው" አለኝ። ለምን እንደዚህ እንደሚያደርግ ስጠይቀው እሱም ድሮ ረዳት እንደነበር፣ የሚያሠራው ሾፌር ላልሰበረው ዕቃ ወራት ሲቆረጥበት እንዳየ ነገረኝ።

አዳማ ስንገባ የፈራሁት አልቀረም። የመኪናው ባለንብረት የኩሺኔታውን ወጪ በእኔ ላይ፣ የዘገየንበትን በእኔ ላይ አደረገው፤ ለቆምንበት ጊዜ ደግሞ "ላልሠራችሁበት አበል የለም" አለ። ይህ ለማናችንም አዲስ አይደለም። መኪና ሲሄድ መኪናው ነው የሚመሰገነው፣ ሲቆም ሾፌሩ ነው የሚጠየቀው። ፌስታሉንና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። አነበበው። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር እዚያው ደወለ። መካኒኩ ሳይሰለች፣ ሳይቆጣ፣ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው አስረዳው። የተሳቢው እግር ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው መቼ እንደሆነ መካኒኩ ሲጠይቀው ባለንብረቱ መልስ አልነበረውም። የኩሺኔታው ዕዳ በዚያው ቀረ።

የአበሉ ነገር ግን ሌላ ትግል ጠየቀ። ለዚህ የማመሰግነው ሁለተኛ ሰው አለ፤ አዳማ ላይ ያገኘኋት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ። ቁጭ አድርጋ አዋጁን ገልጣ አሳየችኝ። ለሁላችንም ስለሚጠቅም ልጻፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ አይቆርጥም። ወይ ሕግ፣ ወይ የኅብረት ስምምነት፣ ወይ የሥራ ደንብ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ወይ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ኖሮ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ "እዚህ ላይ ፈርም" ሲሏችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ያ ፊርማ የጽሑፍ ስምምነታችሁ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር ካለፈው በይርጋ ይቀራል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ መጠየቅ አይቻልም። ስንቱ ወንድማችን "ይከፍለኛል፣ ይከፍለኛል" እያለ ጊዜው አልፎበታል! የሥራ ክርክር ለማቅረብም የዳኝነት ክፍያ የለም፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ የሚተው ሰው ይህን ይወቅ። ከእሷ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ተመልሼ ወረቀቴን ይዤ ገባሁ፤ የእኔም የረዳቴም አበል ተከፈለ።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ነገር፦ "መኪናው ሙሉ ዋስትና አለው፣ ከዚያ ይከፈላል" የሚል አለ። ዋስትናው ለግጭት፣ ለግልበጣ፣ ለቃጠሎ ነው። በአገልግሎት ብዛት ለሚያልቅ ኩሺኔታ አይከፍልም፤ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው የሶስተኛ ወገን ዋስትናማ ከነጭራሹ አይመለከተውም። በዚህ ተስፋ ማስረጃችሁን ሳትይዙ እንዳትቀሩ። ኮንቴይነር የያዛችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ባዶው የሚመለስበት ቀን ካለፈ ቅጣቱ በዶላር ነው የሚቆጠረው፣ ያን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የልጁን ስምና ስልክ እዚህ አላወጣሁትም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ የመስመር ሰው ሁሉ እሰጣለሁ፣ እሱም ፈቅዷል። ተሳቢም፣ ሲኖትራክና ትራከር የሚባሉትን የጭነት መኪናዎችም ይሠራል፤ ፍሬንና እግር ላይ በተለይ እጁ የተባረከ ነው። የሞተር ትልቅ ሥራ ከሆነ ግን ራሱ "ይሄ ከእኔ በላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ወይም አዳማ ውሰዱት" ይላችኋል። ይህንንም ወድጄለታለሁ። ስትደውሉለት የትኛው እግር እንደሆነና የቆማችሁበትን ቦታ በትክክል ንገሩት፣ ኩሺኔታ እንደየተሳቢው ስለሚለያይ ሥሪቱን አትርሱ። ሌሊትም ያነሳል። ዓርብ ቀትር ላይ ጁምዓ ስለሆነ ትንሽ ታገሡት። እባካችሁ ደግሞ የተነጋገራችሁትን ዋጋ ሳትጨቃጨቁ እዚያው ስጡት፤ በረሃ ለበረሃ በሰው መኪና ተለጥፎ ነው የሚመጣው።

ወንድሜ፣ ጽሑፉ ከደረሰህ፦ ማዳበሪያው በጊዜው ገብቶ ተራግፏል። ያሰርከው እግር እስካሁን ድምፅ የለውም። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጥህ፣ እጅህን አይንሳን። ወደ ታች ስንወርድ ሎጊያ ላይ ምሳ በእኔ ነው።