ሚኒሞ የማትይዘው መኪናዬ፦ ከ«አብሽር» በኋላ ያሉት ዘጠኝ ወራት

መኪናዋን ስገዛ ደላላው ሞተሩን አላጠፋም። ደሴ ፒያሳ ቆሜ ስጠብቀው ሞተሩ ሞቆ ደረሰ፤ ስንዞርባትም ሆነ ቆመን ዋጋ ስንከራከር ቀኝ እግሩ ከቤንዚን መርገጫው አልተነሣም። እኔ ደግሞ የማየው ቀለሟን ነበር። «ስትቆም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች መሰለኝ» ስለው «የደሴ ብርድ ነው ወንድሜ፣ አብሽር» አለኝ። ወሎ ውስጥ አብሽር ከተባለ በኋላ መጠራጠር ነውር ይመስላል።

ጃፓን ሠራሽ ናት፤ ባለ 1300 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ በዕድሜ ከታናሽ ወንድሜ የምትበልጥ። ስለ ፍሪሲዮኗና ስለ ማርሿ የምለው የለኝም፤ ደህና ናቸው። ያንገበገበኝ አንድ ነገር ነው። ዳገት የማይደክማት መኪና ስትቆም ትሞታለች። መስቀለኛ መንገድ ላይ እግሬን ከቤንዚን ሳነሣ ድምጿ ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ጸጥ። ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን ይለቀዋል። አንድ ቀን መንገድ የሚሻገሩ እናት ቆም ብለው «ነፍስ ይማር ልጄ» ብለውኛል።

መካኒኮች ይህን «ሚኒሞ አትይዝም» ይሉታል፤ ሚኒሞ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው፣ ጣሊያን ትቶልን የሄደ ቃል። የመጀመሪያው ጋራዥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን አራቱንም ካንዴላ ቀየረ። ሁለተኛው ካርቡሬተሩን ፈትቶ በቤንዚን አጠበ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አጠበው። ሦስተኛው በካቻቢቴ የሚኒሞውን ብሎን አጠበቀና «አለቀ» አለኝ። እውነት ነው፣ ለጊዜው መጥፋቷን ተወች፤ ቆማ ግን እንደ ወፍጮ ትጮሃለች፣ ቤንዚኑንም ትጋተዋለች። ይህ ጥገና አይደለም፤ የሚያለቅስ ሕፃን አፍ ማፈን ነው።

ሦስቱም ያሳበቡት በከፍታው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየር ሲሳሳ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ይህን አልክድም። ታዲያ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስገባ፣ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብዬ፣ ለምን ያው ሆነች? ያውም የከተማዋ መግቢያ ላይ ፍሬን ስይዝ ጠፋችብኝ። ከፍታ ቢሆን ኖሮ ቁልቁለቱ ያሽላት ነበር።

ነገሩን የፈቱት እዚያው ኮምቦልቻ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና መካኒክ ናቸው። «ጋሼ፣ ካርቡሬተሩን ልፍታው?» ስላቸው «አንተ ልጅ፣ አትቸኩል» አሉኝ። አንዱን ካንዴላ አስፈትተው ጫፉን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፤ ነጣ ብሏል። ቤንዚን ሲበዛ ካንዴላ ጥላሸት ይለብሳል፤ የነጣው አየር የበዛበት ነው። ቀጥለው ሞተሩ እንደሞቀ፣ አየር ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን ቾክ በትንሹ ሳቡት። ልትጠፋ የነበረችው መኪና ተረጋጋች። «አየር ትስባለች፤ ከየት እንደሆነ እንፈልግ» አሉ።

ሞተሩን አስጠፍተው ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ አስረገጡኝ፤ ከዚያ ረግጬ እንደያዝኩ አስነሣሁ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት፤ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ከሞተሩ አየር ማስገቢያ ወደ ፍሬን ማገዣው (በሞተሩ የአየር ስበት ፔዳሉን የሚያቀለው) የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ በጨርቅ ሸፍነው በፒንሳ ጨመቁት። የሞተሩ ድምፅ እዚያው ተስተካከለ። ቱቦው ከሥሩ፣ ሙቀት በሚያገኘው በኩል፣ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። በጣቴ ጎበጥ ሳደርገው ስንጥቁ እንደ አፍ ይከፈታል።

ስሄድ ሞተሩ ብዙ አየር ስለሚውጥ ስንጥቁ የሚያስገባው ከቁጥር አይገባም። ስቆም ግን የካርቡሬተሩ በር ሊዘጋ ትንሽ ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ ያቺው ሾልካ የገባችው አየር ሞተሩን ታንቀዋለች። ፍሬኑ የሚከብደኝም ለካ በዚሁ ነበር፤ እኔ እግሬ ደክሞ ይመስለኝ ነበር። ሐረጎን በጉም ስንት ጊዜ እንደወረድኩባት ሳስብ አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

አዲሱ ቱቦ ከአንድ የካርቡሬተር አጠባ በታች አስወጣኝ። ሽማግሌው ብሎኑንም አላልተው ሚኒሞዋን በደቂቃ ወደ 800 ዙር መለሱት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልጠፋችብኝም።

«አሮጌ መኪና አትግዛ ብለንህ ነበር» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ መኪናዋ ምን አጠፋች? ጎማ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ቂሜ ካርቡሬተር ሁለት ጊዜ ሲፈቱ አጠገቡ ያለውን ቱቦ አንዴ እንኳ ባልዳሰሱት ላይ ነው። ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ በበግ እለውጣችሁ ነበር። ዛሬ ግን በገዛሁበት ዋጋም አልሰጣችሁም።

የተሰነጠቀውን ቱቦ አልጣልኩትም፤ ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ደላላው ጠዋት ጠዋት ሻይ የሚጠጣበትን ቤት አውቀዋለሁ።