ደሴ ላይ በጣት መሣል፦ ታብሌቱ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ጣት ለቀለም ድንቅ ነው፤ ለቀጭን መስመር ግን ያናድዳል። ታብሌት ገዝቶ በጣቱ ለመሣል ያሰበ ሰው መጀመሪያ ምን ዓይነት ሥዕል እንደሚወድ ይወቅ።

የእኔ ዕቃ ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ ታብሌት ነው። ራሙ (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋባይት ነው። ብዕር የለውም። የምሠራው በአመልካች ጣቴ ነው፤ ሰፊ ቦታ ሲሆን በአውራ ጣቴ። አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው አይቢስ ፔይንት የተባለውን የሥዕል መተግበሪያ ነው። ስኬችቡክና ኢንፊኒት ፔይንተርም ተጭነዋል። ሁሉም የሚያወራለት ፕሮክሪዬት ለአፕል ብቻ የተሠራ ነው። አንድሮይድ ላይ ስሙን አይታችሁ እንዳትሸወዱ፤ ስም የተዋሰ ሌላ ነገር ነው።

ደስ ካለኝ ነገር ልጀምር፤ ከጉሙ። የክረምት ደሴን የሚያውቅ ይረዳኛል። ጠዋት የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት ቆሟል። ቡናው ሳይፈላ ጦሳ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግማሹ ብቻ ብቅ ይላል። ይህን በውሃ ቀለም የሞከረ ሰው ፈተናውን ያውቃል፤ በዚያ እርጥበት ወረቀቱ ራሱ አልደርቅም ይላል። ታብሌቱ ላይ ግን ለተራራው አንድ ሌየር (እንደ ስስ ወረቀት የሚደራረብ ንብርብር)፣ ለቆርቆሮ ቤቶቹ አንድ ሌየር፣ መሃላቸው ለጉሙ ሌላ ባዶ ሌየር እከፍታለሁ። ለስላሳውን ኤርብራሽ መርጬ ኦፓሲቲውን (የቀለሙን ድፍነት) ወደ 10 በመቶ አወርደዋለሁ። ከዚያ በጣቴ መጥረግ ነው። ደጋግሜ ስጠርግ ጉሙ ይወፍራል። ከበዛ የዚያን ሌየር ኦፓሲቲ ብቻ እቀንሳለሁ፤ ተራራው አይነካም። ሌየሩን የምትደብቀውን የዓይን ምልክት ስነካ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል። ደሴ ላይ እንዲህ ቢቻል ስንቱ ልብሱን አድርቆ ነበር! ለዚህ ሥራ ብዕር ቢሰጡኝም የምመርጠው ጣቴን ነው። ማደብዘዣውን ስጠቀም ቀለሙን በእጄ የማሸው ያህል ይሰማኛል።

አይጠየፍ አዳራሽን ልሥል ስነሳ ግን ነገሩ ተገለበጠ። የጣሪያው ጠርዝ፣ መስኮቶቹ፣ ሁሉም መስመር ነው። ጣት ወፍራም ነው። የምሥልበትን ነጥብ ራሱ ይሸፍነዋል። ስታነሳው መስመሩ ካሰብክበት ጎን አርፏል። በዚያ ላይ ስክሪኑ ግፊት አይለካም። መስታወቱ ሥር ስስ የኤሌክትሪክ መስክ አለ፤ ጣታችን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሲጠጋ መስኩ ይለወጣል። መሣሪያው የሚያውቀው የነካንበትን ቦታ ነው። ጫን ብትል፣ ቀለል ብታደርግ፣ ስፋቱ ያው ነው። እርሳስ የለመደ እጅ መጀመሪያ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

መላው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በጣም አጉልቶ መሥራት። ጣቱ ያው ነው፤ መስኮቱን ግን የስክሪኑን ግማሽ አሳክለው። ሁለተኛ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋውን ስታቢላይዘር ከፍ ማድረግ። ሦስተኛ፣ አይቢስ ፔይንት የብሩሹን መነሻና መድረሻ ውፍረት ለየብቻ ያስተካክላል። ሁለቱን ካቀጠንክ መስመሩ በጫና የተሣለ ይመስላል። ለቀጥታው ደግሞ ማስመሪያ አለው። እንዲያም ሆኖ አይጠየፍ ከብዙ ምሽት በኋላ ነው ያለቀው፤ ጦሳ በአንድ ከሰዓት አልቋል።

የአየሩ ነገር አንድ ቃል ይገባዋል። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ነው፤ በብርዱ ጣት ይደርቃል። የደረቀ ጣት ስክሪኑ ላይ ይቆራረጣል፣ መስመሩ መሃል ላይ ይጠፋል። እጅን ትንሽ ማሸት ይበቃል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ችግሩ ይገለበጣል፤ ጣት ያልበዋል፣ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ፐብጂ የተባለውን የስልክ ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆች የሚያጠልቋት የጣት ሽፋን አለች፤ የስልክ ዕቃ ቤቶች ይሸጧታል። ያቺ ገላገለችኝ። ርካሽ ወፍራም የመስታወት መከላከያ ግን ተጠንቀቁ፤ የስክሪኑን ስሜት ያደነዝዛል። የእኔን አንስቼ ወረቀት መሰል ሻካራ ፊልም ለጥፌበታለሁ። ሥዕሉን በትንሹ ያደበዝዘዋል፤ መያዙ ግን ሌላ ነው።

ያልጠበቅኩት ጥቅም የመጣው ከጎረቤት ነው። ጥልፍ የሚያሠሩ እናት አሉ። አንድ ማታ ስሠራ አይተው «ልጄ፣ ይቺ ነገር የቀሚስ ጥልፍ ትችላለች?» አሉኝ። ሲሜትሪ የሚባለውን ማስመሪያ ከፈትኩ። በአንድ በኩል ስትሥል ሌላው ጎን አብሮ ይሣላል። አንድ ቅጠል ስስብ ሙሉ አበባ ሆነ። «ወላሂ ተዓምር ነው!» አሉ። «አንቱ ቀለሙን ይምረጡ» አልኳቸው። ቀይ አሉ፤ ወዲያው ወደ ሐምራዊ፤ ተመልሰው ወደ ቀይ። ባልዲ መሰሏን ምልክት እየነካሁ መለወጥ ነበር ሥራዬ። በክር ቢሆን ስንት መፍታት፣ ስንት መጣል! አሁን ደንበኞቻቸው ክር ሳይገዛ ቀለሙን በስልክ አይተው ይወስናሉ። ክፍያዬ ቡና ነው፤ አቦሉ አያመልጠኝም።

ኅትመት ላይ ግን ራሴን አመመኝ። የገራዶን የመስከረም ማሳ እንደሚያበራ አረንጓዴ ሠርቼው ወረቀት ላይ የደከመ የጎመን ቀለም ሆኖ ወጣ። ማተሚያ ቤቱ አልበደለም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው ከብርሃን ነው፤ ማተሚያ ደግሞ ከቀለም፣ ያን ያህል የሚያበራ አረንጓዴም የለውም። አሁን ለኅትመት ስሠራ አረንጓዴውን ሆን ብዬ አበርደዋለሁ። ሸራውን ደግሞ ከመጀመሪያው በልኩ ክፈቱት፤ ለኤፎር ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው። ትንሽ ሸራን በኋላ ማሳደግ ሥዕሉን ያፈዘዋል። በዚህ መጠን ግን 4 ጊጋባይት ራም ያቃስታል። ሌየር ሲበዛ ጣቴ ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀለሙ ኋላ ይደርሳል። የዕቃው ትልቁ ድክመት ይሄ ነው።

መብራት ሲሄድ መሥራት መቻሉ በረከት ነው፤ መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ማስታወቂያ የሚያሳየው ነጻው ዕትም ነው፤ ከፍሎ ማጥፋት ይቻላል። ጨለማ ውስጥ ብርሃኑን ቀንሶ የተሠራ ሥዕል ግን ጠዋት ሌላ ሥዕል ነው። ለዓይን ተብሎ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን የማታ ማጣሪያ ደግሞ ስትሥሉ አጥፉት፤ ሰማያዊን ሁሉ ያሳስታል። ሥራችሁን ሁልጊዜ ወደ ውጭ አውጥታችሁ አስቀምጡ። መተግበሪያውን ከታብሌቱ ስታስወግዱት በውስጡ ያለው ሥዕል አብሮ ሊጠፋ ይችላል። በቴሌግራም ስትልኩም በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ ፎቶ ሲሆን ይጨመቃል።

«ይሄ እኮ የልጆች ጨዋታ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዴቪድ ሆክኒ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ አበባ እየሣለ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የሀገሩን ጸደይ በአይፓድ ሣለ፤ ሥዕሎቹም በዓመቱ ለንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ በትልቁ ታትመው ተሰቀሉ። ጨዋታ ከሆነም ደህና ተጫዋች አለው።

የምትገዙ ከሆነ ካሜራውን እርሱት። ራሙ 6 ወይም 8 ይሁን። ስልክ ያለው ሰው ደግሞ ታብሌት ሳይገዛ በስልኩ ይጀምር፤ መተግበሪያው ያው ነው። ጫፉ ላስቲክ የሆነውን ርካሽ ብዕር ተዉት፤ ለስክሪኑ እሱም ሌላ ጣት ነው፣ ያውም ወፍራም። ጫና የሚለካ ብዕር የሚሠራው ለእሱ በተሠራ ታብሌት ብቻ ነው። ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም እዚያው ሱቁ ውስጥ ጫንና ቀለል እያደረጋችሁ አንድ መስመር ስባችሁ እዩት።