ዳምቤል፣ ላስቲክ ወይስ ኬትልቤል? ጊዜ ለሌላት ሴት የቱ ይሻላል?

ልጆች ሳይነቁ ያለችው 20 ደቂቃ ብቻ ናት የራስሽ። በዚህች ጊዜ ቤት ውስጥ ጡንቻሽን ለማጠንከር ዳምቤል (በአንድ እጅ የሚያዝ አጭር ክብደት)፣ የሚለጠጥ የስፖርት ላስቲክ ወይም ኬትልቤል (ከላይ መያዣ ያለው ክብ ክብደት) ልትገዢ ካሰብሽ፣ ከመልኩና ከቀለሙ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ። አንስቼው እስክጀምር ስንት ደቂቃ ይበላብኛል? እኔ ስጠነክርስ እሱም አብሮኝ ይከብዳል?

ሁለተኛውን ጥያቄ ሳልጠይቅ ገዝቼ ተጎድቻለሁ። ጥንድ ባለ 2 ኪሎ ዳምቤል ነበር የወሰድኩት፤ ለሴት ቀላል ይሻላል ብለውኝ። ለትከሻዬ በቃኝ። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስሠራ ግን እግሬ ምንም አልተሰማውም፤ ለወራት ያንኑ እያነሳሁ ባለሁበት ቀረሁ። ጭንና መቀመጫ ከክንድ እጅግ የሚበልጥ ጉልበት አላቸው። በየቀኑ ከሚይዙት የገበያ ዘንቢል የቀለለ ነገር አያጠነክራቸውም። ከባድ ካነሳሁ እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ የሚለውን ስጋትም ተዪው። የሴት ሰውነት ያን ያህል ቴስቶስትሮን (ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን) የለውም፤ እንደዚያ ያለ ጡንቻ ሳይታሰብ አይመጣም።

ስለዚህ ዳምቤል ከሆነ ምርጫሽ፣ አንድ ጥንድ ብቻ አይበቃሽም። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ለትከሻና ለክንድ፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ደግሞ ለእግርና ለጀርባ ይሆናል። ጫፉ ባለ ስድስት ማዕዘን የሆነውን ውሰጂ፤ ወለል ላይ አይንከባለልም። ክብደቱ የሚቀያየረው ዳምቤል ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። በብሎን የሚጠብቀው ርካሽ ነው፤ ሆኖም በየዙሩ ብሎን ስትፈቺና ስታጠብቂ ደቂቃዋ ታልቃለች። ከራስሽ በላይ ከማንሳትሽ በፊትም ብሎኑን ሁልጊዜ ፈትሺ። ቁልፉን በማዞር የሚቀያየረው ፈጣን ነው፣ ለእኔም የሚመቸኝ እሱ ነው። ይወደዳል፤ መሬት ላይ መጣልም አይወድም።

ላስቲክ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ ድምፅ የለውም። ከጉልበት በላይ የምትጠለቀው አጭር ክብ ላስቲክ ለዳሌ ጎን ጥሩ ናት። እኔ ግን ገንዘቤን የማወጣው በረጅሙ ላይ ነው። ምክንያቱ ጀርባ ነው። ያለ ምንም ዕቃ ስኳትም ፑሽ አፕም መሥራት ይቻላል፤ የሚጎተት ነገር ግን ባዶ ቤት ውስጥ አይገኝም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ወይም ሕፃን ላይ ላጎነበሰች ሴት ደግሞ ከሁሉ የሚያስፈልጋት መጎተት ነው። በር ላይ የምታስሪው ከሆነ በሩ ወደ አንቺ የሚከፈት እንዳይሆን፤ ስትጎትቺ ይበረገዳል።

ጉድለቱስ? ሲለጠጥ ነው የሚከብደው፤ መጀመሪያው ላይ ቀላል፣ መጨረሻው ላይ ከባድ ነው። ስንት ኪሎ እንዳነሳሽም በትክክል አታውቂም። ደግሞ ያረጃል። በየጊዜው ወደ ብርሃን ይዘሽ ቀስ ብለሽ ለጥጪው፤ በተለይ መያዣው አጠገብ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካየሽ ጣይው። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር አታስቀምጪው።

ኬትልቤል መያዣው ከላይ፣ ክብደቱ ከታች ስለሆነ ለመወዝወዝ ይመቻል። በጥቂት ደቂቃ ዳሌሽንም መቀመጫሽንም ትንፋሽሽንም ያሠራል። ችግሩ እንቅስቃሴው ትምህርት ይፈልጋል። መታጠፍ ያለበት ዳሌ ነው፤ ወገብ ከታጠፈ ይጎዳል። አንድ ባለ 8 ወይም 12 ኪሎ ብትገዢ ለትከሻ ሊከብድ፣ ለእግር ቶሎ ሊቀል ይችላል። በቅርቡ የወለድሽ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሪ መወዝወዝ አትጀምሪ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን በሙሉ እንዲያሠሩ ይመክራል። «በሙሉ» የምትለዋን ቃል ያዢልኝ። ለዚህ ነው አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል የሚቀያየር ዳምቤል የምለው፤ በእሱ ጎንበስ ብለሽ ወደ ጎንሽ በመሳብ ጀርባንም ታሠሪያለሽ። አቅም ከፈቀደ ረጅም ላስቲክ ጨምሪበት። ቤትሽ ጠባብ ከሆነ ወይም ብዙ የምትጓዢ ከሆነ ግን ከላስቲኩ ጀምሪ፣ ሦስት ወይም አራት የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው ላስቲኮች ያሉበትን ስብስብ። ኬትልቤሉን የሚያሳይሽ ሰው እስክታገኚ አቆዪው።

ሱቅ ሄደሽ የምትገዢ ከሆነ እዚያው ሞክሪ። ክብደቱን ደረትሽ ላይ ይዘሽ 10 ጊዜ ስኳት ሥሪ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ቀስ ካሉብሽ፣ ወገብሽ ግን ካልታጠፈ፣ ልክሽ እሱ ነው። አሥሩንም እያወራሽ ከጨረስሽው የሚቀጥለውን አንሺ።