ከ11 ወር በኋላ፦ ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተተው መኪና

በበፊቱ መኪናዬ በእግሬና በጎማው መካከል ጣልቃ የሚገባ አልነበረም። ፍሬን ሲበዛ ጎማው ይታሰራል፣ ሲታሰር ይንሸራተታል፣ እኔም ለቀቅ ያዝ፣ ለቀቅ ያዝ እያደረግኩ አቆማለሁ። በዚህ መልክ ዓመታት ስለነዳሁ የአሁኗን ስገዛ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይታሰር የሚያደርገው) እና ኢኤስፒ (መኪና ተንሸራትታ ከመስመሯ እንዳትወጣ የሚይዘው) የሚባሉትን ከጌጥ ለይቼ አላየኋቸውም። ያገለገለች፣ እ.ኤ.አ. የ2016 ስሪት ናት። ሻጩም ስለ መቀመጫው ቆዳ ብዙ ሲያወራ፣ ከኋላዋ ሁለት የተጠማዘዘ የጎማ ዱካ ያላት መኪና የተሳለችበትን ቁልፍ ዝም ብሎ አለፈው። ይኸው 11 ወርና 19 ሺህ ኪሎ ሜትር ሆነኝ፤ የምጽፈው ስለዚያች ሥዕል ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ዝናብ እንዳባራ፣ ሰውም ግንብም የሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ወሰድኳት። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። ፔዳሉ እግሬን መልሶ ይረግጠኝ ጀመር፤ ከወለሉ ሥር ወፍጮ የተነሳ ይመስል ያንገራግጫል። ደንግጬ እግሬን አነሳሁ። የምር አደጋ ቢሆን ኖሮ ያቺ ድንጋጤ ጉድ ትሠራኝ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ጥርሴን ነክሼ እስክትቆም ድረስ አልለቀቅኩም፤ መሃል ላይ መሪውን ወደ ግራ ሳዞር እሺ ብላ ዞረች። የድሮዋ በዚህ ጊዜ መሪው ዞረ አልዞረ ቀጥ ብላ ነበር የምትሄደው።

ኤቢኤስ የሚሠራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ፍጥነቱን የሚያነብ ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ መኪናዋ ልትቀንስ ከምትችለው በላይ በድንገት ፍጥነቱ ከወረደ ሊታሰር ነው ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቭ ይይዛል፣ ያስተነፍሳል፣ መልሶ ይሰጣል፤ ይህንንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያደርገዋል። እግሬን የረገጠኝ ፓምፑ ወደ ኋላ የሚመልሰው ዘይት ነበር። ስለዚህ የለቀቅ ያዝ ልማዴን መተው ነበረብኝ፤ እሱን ማሽኑ ከእኔ በተሻለ ይሠራዋል፣ የእኔ ድርሻ ረግጦ መቆየት ብቻ ነው። ልማዱ እስኪለቀኝ ሁለት ወር ገደማ ፈጀብኝ።

ኤቢኤስ ሁልጊዜ በአጭር ርቀት ያቆማል ብሎ የሚያስብ ግን ይሳሳታል። በጠጠር መንገድ ላይ የታሰረ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ ቆልሎ ራሱን ያቆማል፤ የማይታሰረው ጎማ ግን ይህን ክምር ስለማይሠራ ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። በራሴ መኪና ከገመትኩት ቦታ አልፌ ስቆም አይቼዋለሁ። ዋናው ጥቅሙ ፍሬን እየያዙ መሪ ማዞር መቻሉ ነው።

ኢኤስፒን በአካል የተዋወቅኩት በአራተኛው ወር ነው። እርጥብ አስፋልት፣ እየጠበበ የሚሄድ ኩርባ፣ እኔም 70 ላይ። ግማሽ ላይ ስደርስ የፊቱ ወደ ውጭ መሄድ ጀመረ። እኔም መደረግ የሌለበትን አደረግኩ፤ ነዳጁን በአንዴ ለቅቄ መሪውን ጨመርኩ። የኋላዋ ወደ ውጭ ሲወረወር ወገቤ ላይ ተሰማኝ። ወዲያው ከበታቼ ክርርር አለ፣ የሞተሩ ድምፅ ታፈነ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺው የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባት መብራት ሦስቴ ብልጭ አለች፤ መኪናዋ መስመሯ ላይ ነበረች። በስመአብ ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም አለቀ።

ቤት ገብቼ ምን እንደሆነ ሳጠና ያስገረመኝ ነገር የሚሠራው ንጽጽር መሆኑ ነው። የመሪው ሴንሰር ሹፌሩ ወዴት መሄድ እንደፈለገ ይናገራል። ሌላው መኪናዋ በራሷ ዙሪያ በምን ፍጥነት እየዞረች እንደሆነ ይለካል፤ ሌላው ደግሞ ወደ ጎን የሚገፋትን ኃይል። ሐሳቡና የሆነው ካልተጣጣሙ ኮምፒዩተሩ አንድን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዛል። የፊቱ ወደ ውጭ ከሄደ በኩርባው ውስጠኛ በኩል ያለውን የኋላ ጎማ፣ የኋላው ከተወረወረ ደግሞ በውጭ በኩል ያለውን የፊት ጎማ። አንድ ፔዳል ብቻ ያለው ሰው አራት ጎማን ለየብቻ ሊይዝ እንደማይችል ግልጽ ነው።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። የቦሽ ኤሌክትሮኒክ ኤቢኤስ መርሴዲስ ኤስ-ክላስ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ኢኤስፒ በ1995 ተከተለ። ከቅንጡ መኪና ወደ ትንንሾቹ ያወረደው ግን አንድ መገልበጥ ነው፤ በ1997 ስዊድን ውስጥ አንድ የመኪና መጽሔት ድንገተኛ መሰናክልን የማምለጥ ሙከራ ሲያደርግ መርሴዲስ ኤ-ክላስ ተገለበጠች፤ ኩባንያውም ኢኤስፒን ለሁሉም ኤ-ክላስ ገጠመ። አሜሪካ ከ2012 ስሪት ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ላይ ግዴታ አድርገውታል።

በድንጋጤ ጊዜ የፍሬኑን ኃይል የሚጨምረው የፍሬን አጋዥ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ የሚያየው ፔዳሉ ስንት እንደተረገጠ ሳይሆን ምን ያህል በፍጥነት እንደተረገጠ ነው። ብዙ ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ይረግጣል እንጂ አጥብቆ አይረግጥም። አንድ ቀን ከቆሙ መኪኖች መሃል ኳስ ዘሎ ወጣ፤ የረገጥኩ መሰለኝ፣ ፔዳሉ ግን ሌላ ሰው እግሬ ላይ እግሩን የጫነበት ይመስል ወረደ። ኳሱን ተከትሎ የመጣው ልጅ ቆሞ አየኝ። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው፤ ነፋስ ያመጣው ፌስታል ሲያስደነግጠኝም እንደዚያው አድርጎ አቁሞኛል፣ ከኋላዬ የነበረው ሹፌርም በጥሩምባው ሰድቦኛል። ከፊት ያለውን በራዳርና በካሜራ አይቶ ራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት የእኔዋ ላይ የለም።

ያስመረረኝ የሰባተኛው ወር ጣጣ ነው። የኋላ ግራ ጎማ ኩሽኔታ ማጉረምረም ጀምሮ አስቀየርኩት። ከጋራዡ ወጥቼ ጥቂት ሜትር እንደሄድኩ የኤቢኤስና የኢኤስፒ መብራቶች በሩ፤ ብልጭ አላሉም፣ በርተው ቀሩ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፦ ብልጭ ካለች እየሠራች ነው፣ በርታ ከቀረች ግን ሥራ አቁማለች፣ የቀረው ተራው ፍሬን ብቻ ነው። ጋራዡ ሴንሰሩ ነው አለኝ። አዲስ ሴንሰር ተገዛ፤ መብራቶቹ ንቅንቅ አላሉም። ሦስት ሳምንት እንደ ድሮዬ ነዳሁ።

ሌላ መካኒክ ጋ ስወስዳት ኮምፒዩተሩን ሰክቶ ትንሽ አየና «መኪናህ ሦስት ጎማ ብቻ ነው የምታውቀው» አለኝ። ከዚያ አንድ አዲስ ኩሽኔታ አንሥቶ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ በአንዱ ፊት አስጠጋ፤ ሽቦው ተለጠፈ። ገልብጦ በሌላው ፊት አስጠጋ፤ ወደቀ። ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ የእኔው ደግሞ ተገልብጦ ነበር የተገጠመው። ሲፈታ ስለሚበላሽ ሌላ ኩሽኔታ ገዛሁ።

ሥዕሏ ያለችበትን የኢኤስፒ ማጥፊያ ቁልፍ የተጠቀምኩት አንዴ ነው፣ ጭቃ ውስጥ ስቀረቀር። ጎማው ሲሽከረከር ሥርዓቱ የሞተሩን ጉልበት ስለሚቀንስ መኪናዋ ትሞታለች፤ አጥፍቼው ትንሽ አሽከርክሬ ወጣሁ። አስፋልት ላይ ስደርስ መለስኩት።

አሁን ከሁሉ በላይ የማየው ጎማዬን ነው። ሥርዓቱ ያለውን የጎማ ቆንጠጣ ያከፋፍላል እንጂ አይጨምርም። ደግሞም ከ80 ወደ 100 ስንወጣ ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ቢሆንም ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚያስፈልገው ርቀት ከግማሽ በላይ ያድጋል፤ ይህን የሚቀንስ ኮምፒዩተር የለም። የፊት ጎማዎቼ ጥርሳቸው አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጎሚስታ ጋ ነኝ፣ አራቱንም በአንድ ልክ ላስቀይር። የተለያየ ልክ ያለው ጎማ በተለያየ ፍጥነት ስለሚዞር ሴንሰሮቹን ያሳስታል።

ያገለገለ መኪና ለምትገዙ አንድ ነገር፦ የመኪናውን ቁልፍ ስትከፍቱ የኤቢኤስና የኢኤስፒ መብራቶች ለጥቂት ሰከንድ በርተው መጥፋት አለባቸው። ጨርሶ ካልበሩ ደስ አይበላችሁ፤ ብልሽቱ እንዳይታይ አምፖሉን ነቅሎ የሚሸጥ አለ።