ፍሬሙን ለለኩልኝ መካኒክ

ባለፈው ሳምንት የብስክሌቴን ፎርክ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ባለ ሾክ ሹካ፣ ቀየርኩ። ሥራው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። አዲሱ ፎርክ ወደ ፍሬሙ አንገት ገባ፣ ኩሽኔታው ቦታውን ያዘ፣ የድሮው የፊት ጎማ ተመልሶ ታሰረ፣ አለቀ። አዳፕተር የለ፣ ሞረድ የለ፣ «ይሄ አይገጥምም» የለ። እንዲህ የቀለለልኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ገና ብስክሌቱን ሳልገዛ፣ አንድ ትልቅ ሰው ካሊፐር፣ የሚሊ ሜትር መለኪያቸውን፣ ይዘው ጎንበስ ብለው ስለለኩልኝ ነው። ሳላመሰግናቸው ብዙ ቆየሁ።

ስማቸውን አልጽፍም፤ አይወዱም። ደንበኞቻቸው ሁሉ ጋሼ ነው የምንላቸው። እስከዚያ ቀን እሳቸው ጋ የምሄደው ካላማዳሪ ሲፈነዳብኝ ብቻ ነበር።

ያኔ ፉል ሰስፔንሽን፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው የተራራ ብስክሌት ለመግዛት ቆርጬ ተነስቻለሁ። የያዝኩት ገንዘብ ግን ለምርጡ አይበቃም። ስለዚህ መካከለኛ ገዝቼ ቀስ በቀስ፣ እቃ በእቃ ላሳድገው አሰብኩ። ዋጋቸው የተቀራረበ ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንደኛው የሚያብረቀርቅ፣ ባለ 12 ማርሽ፣ የማርሽ መቀየሪያው ስም ያለው። ሁለተኛው ደብዘዝ ያለ ግራጫ፣ ባለ 10 ማርሽ፣ ማርሹ ሺማኖ ዲኦሬ የሚባለው። ልቤ ያለው አንደኛው ላይ ነው። ለጋሼ የሁለቱንም ፎቶ አሳየኋቸው። እሳቸው ማርሹን አላዩትም።

«እንዳለ ልትነጂው ነው ወይስ ልታሳድጊው?»

«ላሳድገው።»

«እንግዲያው የምትገዢው ፍሬም ነው፣ የኔ ልጅ። ሌላው ሁሉ ይፈታል።»

በማግስቱ ሥራቸውን ዘግተው አብረውኝ ሄዱ። መጀመሪያ የለኩት አንገቱን ነው። የዛሬዎቹ ጥሩ ፎርኮች ግንዳቸው ከላይ ይቀጥናል፣ ከታች ይወፍራል፤ ከላይ አንድ ኢንች ከአንድ ስምንተኛ፣ ከታች አንድ ኢንች ተኩል። የአብረቅራቂው አንገት ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ቀጥ ያለ አንገት ሰፊ ከሆነ በልዩ ኩባያ መላ ይገኝለታል። ይሄኛው ግን ጠባብ ነበር። ፎርኩ ደግሞ ባለ ሞላ ነው፤ ለኔ ክብደት ላስተካክለው ብል በአየር እንደሚሠራው በፓምፕ የሚስተካከል አይደለም። «ይሄን ፎርክ ትጠይዋለሽ» አሉኝ፣ «ስትጠይው ደግሞ የምትቀይሪበት አታገኚም።»

ቀጥሎ የኋላው። የአብረቅራቂው የኋላ ጎማ በቀጭን ፈጣን መፍቻ የሚታሰር፣ 135 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ግራጫው 148 ሚሊ ሜትር፣ 12 ሚሊ ውፍረት ባለው አክስል የሚታሰር፣ ቡስት የሚባለው ነው። አዲስ የተራራ ጎማ ስትፈልጉ በብዛት የምታገኙት ይህንን ልክ ነው። የኮርቻው ቱቦ ውስጥ ካሊፐር ከተው የአንደኛውን 27.2፣ የሁለተኛውን 30.9 አነበቡ። ይህ ቁጥር ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ከፍ ዝቅ የሚለውን የኮርቻ ዘንግ፣ ድሮፐሩን፣ ልገዛ ስወጣ ነው የገባኝ። ለ30.9 ብዙ ምርጫ አለ። ለ27.2 ጥቂት ነው።

ከፔዳሉ መሃል ያለውን ቤትም ገልጠው አዩ። የግራጫው በጥርስ የሚጠበቅ ነበር። ተጭኖ የሚገባው ዓይነት ልኩ ትንሽ ከተዛነፈ ይንቋቋል፣ ለመቀየርም የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። የማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበትን ብረት ሲያዩ ደግሞ ፊታቸው በራ። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም የተባለው የብስክሌት እቃ አምራች ዩዲኤች የሚባል አንድ ወጥ ማንጠልጠያ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ፋብሪካዎች ተቀብለውታል። በ2023 የወጣው ትራንስሚሽን የሚባለው የስራም ማርሽ የሚታሰረው ለዚህ ማንጠልጠያ በተሠራ ፍሬም ላይ ነው። ግራጫው አለው። ዛሬም ትራንስሚሽን የለኝም። ግን በሩ ክፍት ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ባለቤቱን አስፈቅደው የኋላውን ሾክ አየር አስተነፈሱት። የኋላ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ኮርቻውን ይዤ በቀስታ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ወደ ላይ እንድስብ አደረጉኝ። በሌላ እጄ ጣት ደግሞ የፍሬሙን መታጠፊያ እንድነካ። የአብረቅራቂው መታጠፊያ «ቀጭ» አለ። በጆሮ አይሰማም፣ በጣት ግን ይሰማል። ገና ያልተነዳ ብስክሌት! የግራጫው ዝም አለ። ከላይ ስጫነው እስከ መጨረሻው ሳይጎረብጥ ወረደ፣ ስስበው እንደዚያው ተመለሰ። «ኩሽኔታው ደህና ነው፣ ሲያልቅም በቁጥሩ ይገዛል» አሉ። ቁጥሩንም በትንሽ ማስታወሻ ደብተራቸው ጻፉት። ሾኩ ላይ ያለውን ልክም ጻፉ፦ 210 በ55። ርዝመቱ 210፣ እርምጃው 55 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የኋላ ሾክ መቀየር የሚፈልግ ሰው ይህን ሳያውቅ ገበያ አይውጣ።

ግራጫውን ገዛሁ። ጋሼ ከሻጩ ኮሚሽን አልነበራቸውም። ከኔም የተቀበሉት የግማሽ ቀን ሥራቸውን ብቻ ነው፣ እሱንም በግድ።

ገዝቼ በሳምንቱ «አሁን ምን ልቀይር?» ብዬ ሄድኩ። «ምንም። ነይ ውጪበት።» የመንጃ ልብሴን ለብሼ፣ ውሃ የሞላ ቦርሳዬን አዝዬ፣ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሾኩ ላይ ያለችውን ቀለበት ጎማ ወደ ታች ገፏት። ሳልዘል ሳልነቀነቅ ወረድኩ። ቀለበቷ 9 ሚሊ ሜትር ላይ ቆማለች። በጋሼ አነጋገር ሾኩ «ሰውየውን ገና አላወቀውም»። ከ55ቱ 30 በመቶው፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት። በሾክ ፓምፕ ትንሽ ትንሽ እያስተነፈሱ፣ እኔ እየወጣሁ እየወረድኩ፣ አራተኛው ላይ 16 መጣ። በዚያ ሳምንት የነዳሁት ሌላ ብስክሌት ነበር። ሥሩና ድንጋዩ ላይ የኋላው ጎማ መዝለሉን ተወ፣ መሬቱን ያዘ። የመጀመሪያው ማሳደጊያዬ አየር ማስተንፈስ ሆነ፤ የከፈልኩት ለፓምፑ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምን ከምን እንደሚቀድም የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ፤ እኔ እየቸኮልኩ፣ እሳቸው እያስታገሱ። መጀመሪያ ጎማ፦ ካላማዳሪውን አውጥተን ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አስገባን፣ ንፋሱን ቀነስን። ቀጥሎ ድሮፐር። ከዚያ የፊት ፍሬን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ሚሊ ሜትር። ማርሹን ግን ሰንሰለቱና ጥርሱ አልቆ እስኪበቃው አላስነኩኝም። የባለ 12ቱ ሺማኖ ዲኦሬ የመጨረሻዋ ትንሽ ማርሽ ባለ 10 ጥርስ ናት፤ የድሮው የሞዞ ጥርስ መያዣ እሷን አይቀበልም፣ ማይክሮ ስፕላይን የሚባለውን ይፈልጋል። የኔ ሞዞ መያዣው ብቻውን የሚቀየር ዓይነት ነው። እሱንም የገዛሁ ቀን አይተውት ኖሯል።

አንድ ጊዜ ሳልጠይቃቸው ገዛሁ። የተሟላ ጥንድ ጎማ ነው፤ ቀላል፣ ያማረ። ሻጩ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ፣ አመንኩት። የኋላው 142 ሆኖ ተገኘ፤ ከኔ ፍሬም በ6 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ጋሼ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ካሊፐሩን ብቻ እጄ ላይ አስቀመጡ። ለካሁ፣ ገባኝ። ማስፊያ አስገብቶ ማሰር ይቻላል ወይ ስላቸው ማርሹንና ዲስኩን እያሳዩ፣ የዲስኩም የማርሹም ቦታ አብሮ መስተካከል እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱኝ። በመጨረሻ ልኩ ለሚሆነው ሰው አስረከብኩት፣ ገዢውንም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው።

ፎርኩ የመጨረሻው ነበር። የድሮው እስከ 130 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። እኔ 160 አምሮኝ ነበር። የፍሬሙ ፋብሪካ የሚፈቅደው 140 ነው። ፎርክ በ20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የአንገቱ ማዕዘን በግምት አንድ ዲግሪ ይተኛል፣ ፔዳሉ ከመሬት ይርቃል፣ አንገቱ ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። በ30 ቢረዝም የባሰ ነው፣ ዋስትናውም ይፈርሳል። «160 ከፈለግሽ ሌላ ፍሬም ግዢ» አሉኝ ቁርጥ አድርገው። 140 ገዛሁ። ልክ ነበሩ። ዳገት ላይ የፊቱ አይንሳፈፍም፣ ቁልቁለት ላይ እጄ አይደነዝዝም።

የምታሳድጉት ብስክሌት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸው ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ያሉበትን እነግራችኋለሁ። ስትሄዱ የፍሬሙን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት፣ የራሳችሁን ክብደት፣ የመታጠፊያዎቹንና የሾኩን የቅርብ ፎቶ ያዙ። ቀጠሮ አክብሩ። ለመለካት ብቻ እንኳ ብትሄዱ ክፈሏቸው፤ «ይቅር» ይላሉ፣ እሺ እንዳትሉ። የምትፈልጉትን ሳይሆን የሚገጥመውን ነው የሚነግሯችሁ፣ ስለዚህ «አትግዙ» ቢሏችሁ አትቀየሟቸው። ርቃችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ ስለ ማርሹ ከማውራቱ በፊት ካሊፐር የሚያነሳ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። የድሮውን ፎርክ ዘይቱን ቀይሬ አጽድቼዋለሁ፤ ያ 130 የሚሆነው ፍሬም ያለው ልጅ ካልገዛ ይውሰደው። ቅዳሜ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ። የኋላው ሾክም ለሰርቪስ የሚገባበት 50 የመንዳት ሰዓቱ ሞልቷል።