የአራት ኪሎ የጋዜጣ ኪራይ አገልግሎት

በአራት ኪሎ፣ ጋዜጣ መግዛት የከበደው ሰው ጥቂት ከፍሎ ተቀምጦ እንዲያነብ የሚያስችለው የጋዜጣ ኪራይ፣ በእኔ ግምት ከመዲናዋ መልካም ልማዶች አንዱ ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ለግል ጋዜጦች በር ከከፈተ ወዲህ፣ ሥራ ፈላጊው የቅጥር ማስታወቂያውን፣ ጡረተኛው ርዕሰ አንቀጹን ከሌሎች አንባቢያን ጎን ሆኖ ያነባል፤ ይወያያልም። እሑድና ረቡዕ ከሚወጣው ሪፖርተር አስቀድሜ የምገልጠው «እኔ የምለው» የተሰኘውን ዓምድ ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ራሱ ጸሐፊ ሆኖ፣ ብዙዎች በየቤታቸው የሚያጉረመርሙበትን ጉዳይ በማስረጃ አስደግፎ በአደባባይ ይሟገትበታል። አቤቱታ በወረቀት ላይ ታትሞ ሲወጣ ኃላፊው ዝም ለማለት ይከብደዋል። ቅሬታዬ፣ የአገር ፖለቲካ ገጹን ሲሞላው የየወረዳው የውኃና የመንገድ ችግር ቦታ ማጣቱ ነው። አገልግሎቱን ግን ለተማሪዎች በተለይ እመክራለሁ።