ለፒክአፔ ጎማ ትክክለኛውን የንፋስ መጠን ላሰሉልኝ ባለሙያ ምስጋና፣ ጎማ ለቀየራችሁም ጥቆማ

ይህን ጽሁፍ የምጽፈው የፒክአፕ መኪናዬን ጎማዎች ከፋብሪካ ይዛቸው ከመጣችው በተለየ ዓይነት ከቀየርሁ በኋላ፣ ተገቢውን የንፋስ መጠን በስሌትና በልኬት ላወጡልኝ የጎማ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ጥያቄ ላላችሁ ባለመኪኖች እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈቀዱ አልጽፈውም፤ የሠሩትን ግን በዝርዝር እናገራለሁ፤ ንፋስ የሚሞላ ጎሚስታ ብዙ ቢሆንም፣ ስንት መሞላት እንዳለበት ቆም ብሎ የሚያሰላ እምብዛም አይገኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞዎቹ ጎማዎች መጠናቸው 265/70 አር 17፣ ዓይነታቸው የቤት መኪና፣ የመሸከም መለያ ቁጥራቸው 115 ሲሆን፣ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ጽሁፍ ለአራቱም 30 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ያዛል። አዲሶቹ በመጠን ያው ሆነው ለቀላል የጭነት መኪና የተሠሩ፣ ማለትም ኤልቲ የሚል ምልክት ያላቸውና በሎድ ሬንጅ ኢ፣ ማለትም ከፍ ባለ የመሸከም ደረጃ፣ የተመደቡ ናቸው፤ በጎናቸው ላይም 80 ፒኤስአይ የሚል ቁጥር ታትሟል። በ30 እና በ80 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። ጎማዎቹን የገጠመልኝ ቤት ምንም ሳይጠይቅ 65 ሞልቶ አስረክቦኝ ስለነበር፣ መኪናዋ ባዶ ስትሆን ኋላዋ በየጉብታው ይዘል ነበር።

እኚህ ባለሙያ ሁለቱንም ቁጥሮች ከተመለከቱ በኋላ የሰጡኝ መልስ አጭር ነበር፦ «ልጄ፣ በጎማው ጎን ያለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በበሩ ላይ ያለው ደግሞ ለቀድሞው ጎማ የተጻፈ ነው። ያንተን ቁጥር አሁን እናወጣዋለን።»

ብዙዎቻችን ኤልቲ ጎማ ጠንካራ ስለሆነ በዝቅተኛ ንፋስም ብዙ የሚሸከም ይመስለናል፤ እሳቸው ግን ክብደቱን የሚሸከመው በዋናነት በጎማው ውስጥ የታመቀው ንፋስ መሆኑን በቁጥር አስረዱኝ። መለያ ቁጥሩ 115 የሆነው የቀድሞው ጎማ ሙሉ አቅሙን፣ ማለትም 1215 ኪሎ ግራም፣ የሚሸከመው በ36 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። በዚያው መጠን የተሠራ ሎድ ሬንጅ ሲ የሆነ የኤልቲ ጎማ ግን 50 ፒኤስአይ ተሞልቶም ለነጠላ ጎማ የሚፈቀድለት 1120 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ሎድ ሬንጅ ኢ ወደ 1450 ኪሎ ግራም የሚደርሰው 80 ሲሞላ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ኤልቲ ጎማ አስገጥሞ በበሩ ላይ የተጻፈውን 30 ቢሞላ፣ ከቀድሞው የተሻለ ጎማ ገዝቶ ከቀድሞው ያነሰ የመሸከም አቅም ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ንፋሱ ያነሰው ጎማ በተሽከረከረ ቁጥር ጎኑ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፤ መተጣጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፤ በረጅም መንገድ፣ በፍጥነትና በጭነት ጊዜ ጎማን የሚያፈነዳውም በአብዛኛው ይኸው ሙቀት ነው።

ስሌቱን የሠሩት የጎማ አምራቾች የሚያወጡትን የክብደትና የንፋስ ሠንጠረዥ ከፊታቸው ዘርግተው ነበር። በመጀመሪያ የቀድሞው ጎማ በ30 ፒኤስአይ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አነበቡ፤ ቀጥለው አዲሱ ጎማ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ስንት ንፋስ እንደሚፈልግ ፈለጉ፤ ውጤቱም 46 ፒኤስአይ ሆነ። በዚህ ብቻ አልረኩም። መኪናዋን ዘወትር የምጭነውን ያህል ጭኜ የመኪና ሚዛን ላይ እንዳወጣትና የፊቱንና የኋላውን አክስል ክብደት ለየብቻ አስመዝኜ ወረቀቱን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት በ46 ከሚፈቀደው በታች መሆኑን ያረጋገጡት በዚያ ወረቀት ነው። ባዶዋን ስነዳ ዝቅ ማድረግ እችል እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ፋብሪካው ለመኪናዋ ከወሰነው የመሸከም አቅም በታች በእጃቸው እንደማያወርዱ ነገሩኝ። ይህ እምቢታቸው ከሁሉም በላይ አክብሮቴን ጨምሮታል፤ ደንበኛን ለማስደሰት ቁጥር መቀነስ እጅግ ቀላል ነበርና።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት በዓይኔ የማየው ማረጋገጫ ነበር። ጠመኔ አንሥተው በአንዱ ጎማ ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አሰመሩ፤ መኪናዋንም በደልዳላ አስፋልት ላይ ቀጥ አድርጌ ጥቂት እንድነዳት አደረጉ። ስንመለከተው የመካከሉ ጠመኔ ፈጽሞ ጠፍቶ፣ በሁለቱ ዳርቻዎች ያለው ግን እንደ ነጣ ቀርቷል፤ በ65 የተነፋው ጎማ መሬት የሚነካው በሆዱ ብቻ ነበር ማለት ነው። በዚያው ብነዳ ኖሮ የመካከሉ ጥርስ ቀድሞ ያልቅ፣ በእርጥብ መንገድም መኪናዋ መንገዱን የመያዝ አቅሟ ይቀንስ ነበር። ንፋሱ ከሚገባው በታች ሲሆን ደግሞ ሁለቱ ዳርቻዎች ቀድመው ይበላሉ። በ46 ሲደገም መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ተቀራራቢ ሆኖ ጠፋ። እዚህ ላይ የሰጡት ማስጠንቀቂያ መጠቀስ አለበት፦ ጠመኔው ጎማው መሬት እንዴት እንደሚነካ ይናገራል እንጂ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አይናገርም፤ በጠመኔ ብቻ ተመርቶ ንፋስ የሚቀንስ ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል።

የመጨረሻውን ልክ የወሰዱት መኪናዋ አድራ በማግስቱ ጠዋት ነው። በመለያ ወረቀትም ሆነ በሠንጠረዥ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉ ለቀዝቃዛ ጎማ ነው፤ ቀዝቃዛ የሚባለውም ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ወይም ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የተነዳ ጎማ ነው። የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በተለወጠ ቁጥር ንፋሱ በግምት 1 ፒኤስአይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ በመንዳት የሞቀ ጎማ ደግሞ ከዚያ በላይ ይጨምራል። ከመንገድ የመጣን ጎማ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ በማግስቱ ጎዶሎ ጎማ ይዞ መነሳት ነው። የንፋስ መለኪያ ጌጃቸውንም በሁለተኛ ጌጅ ሲያመሳክሩ አይቻለሁ።

ሳልጠይቃቸው ያስተዋሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። በቸርኬዎቹ ላይ የነበሩት ተራ የላስቲክ ቫልቮች የተሠሩት እስከ 65 ፒኤስአይ ላለ ቀዝቃዛ ንፋስ ስለሆነ፣ ጎማዎቹ ወደፊት ለከባድ ጭነት ከዚያ በላይ መሞላት ቢኖርባቸው እንደማይበቁ አስረድተው በብረት ቫልቭ ቀየሩልኝ። የቸርኬው የራሱ የክብደት ወሰንም መታየት እንዳለበት አክለዋል።

የንፋስ ማስጠንቀቂያ መብራት ያላት መኪና የያዛችሁም ይህን ልብ በሉ። በአሜሪካ ደንብ መሠረት መብራቱ መብራት የሚኖርበት ንፋሱ በመኪናው ላይ ከተጻፈው በ25 በመቶ ሲወርድ ነው። መነሻው 30 ከሆነ መብራቱ የሚበራው 22.5 አካባቢ ነው፤ 46 የሚያስፈልገው ጎማ እዚያ ሲደርስ ግማሹን ንፋስ አጥቷል። ደንቡ ራሱ የመጣው በከባድ ዋጋ ነው፤ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን የሰበሰበው ጎማዎቹ በጉዞ ላይ እየተላጡ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ መንስኤው አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ለፎርድ ኤክስፕሎረር የታዘዘው 26 ፒኤስአይ ዝቅተኛነት ከክርክሩ ዋና ነጥቦች አንዱ ነበር። ስለዚህ በመብራቱ ሳትተማመኑ በየወሩና ከረጅም ጉዞ በፊት በጌጅ ለኩ። ለአሸዋ ብላችሁ ንፋስ የምትቀንሱም ወደ አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉ።

46 ለእኔ መኪናና ለእኔ ጎማ የወጣ ቁጥር ስለሆነ እባካችሁ አትቅዱት። እኚህን ባለሙያ ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ በበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን ጽሁፍና የአዲሱን ጎማ ጎን ፎቶ አንሥታችሁ፣ የጭነት ሚዛን ወረቀታችሁንም ይዛችሁ ብትሄዱ ሥራቸው ይቀላል፤ መጠባበቂያ ጎማውንም አትርሱ፣ የእኔ ከሁሉም ያነሰ ንፋስ የተገኘበት እሱ ነበር።

ጋሼ፣ ስለ ጥንቃቄዎና ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እጅዎ ይባረክ።